ኡርዱ የዩኒቨርሲቲ ቋንቋ የሆነበት ታሪክና ለእኛ ያለው ትምህርት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።



ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆቻችን «ለዲናችን ከዐረብኛ ሌላ የሚጠቅም ቋንቋ አለ ወይ?» እያሉ ይጠይቁናል። መልሱን ከአንድ ቋንቋ ታሪክ እንፈልገው።

ለተብሊግ የሚወጡ ወንድሞቻችን ከሶላት በኋላ የሚያነቡት «ፈዷኢሉል አዕማል» መጀመሪያ የተጻፈው በዐረብኛ አይደለም። ሕንዳዊው ዓሊም ሸኽ ሙሐመድ ዘከሪያ የጻፉት በኡርዱ ነው። ኡርዱ በሕንድ ከሕዝብ አነጋገር የበቀለ፣ ከፋርስኛና ከዐረብኛ ብዙ ቃላት የወሰደ፣ በዐረብ ፊደል ላይ ለራሱ ድምፆች ፊደላት ጨምሮ የሚጻፍ ቋንቋ ነው። የወሎ ዑለማዎችም፣ እንደ ሸኽ ጦልሃ ኢብን ጃዕፈር ያሉት፣ በአማርኛ የገጠሙትን መንዙማ በዐረብ ፊደል ጽፈውልን አልፈዋል።

በሕንድ የቤተ መንግሥቱና የትምህርቱ ቋንቋ ለረጅም ዘመን ፋርስኛ ነበር። የዴልሂው ዓሊም ሻህ ወሊዩላህ የቁርኣንን ትርጉም ወደ ፋርስኛ መለሱ። ልጃቸው ሻህ ዐብዱል ቃዲር ደግሞ ፋርስኛ የማያውቀውን ሕዝብ አስበው በ1790 እ.ኤ.አ. ገደማ ትርጉሙን በኡርዱ አቀረቡ።

ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በደቡብ ሕንድ፣ በሐይደራባድ፣ የአገሩ ገዥ ሚር ዑስማን ዐሊ ኻን በ1918 እ.ኤ.አ. ዑስማንያ ዩኒቨርሲቲን አቋቋሙ። ማስተማሪያው ኡርዱ ሆነ፤ እንግሊዝኛም እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር። አስቀድሞ የትርጉም ቤት ተከፍቶ ስለነበር ሊቃውንት የሳይንስ፣ የሕክምናና የታሪክ መጻሕፍትን እየተረጎሙ፣ ለጎደለው ስያሜ አዲስ ቃል እያወጡ አዘጋጁ። ተማሪው ሕክምናን ሳይቀር በኡርዱ ተማረ።

በዚሁ በደከን አገር የእኛም ሰው ስም አለ። በባርነት ከሐበሻ ተወስዶ የተሸጠው ማሊክ ዐንበር ከፍ ብሎ የጦር መሪና የመንግሥት አስተዳዳሪ ሆነ። በ1610 እ.ኤ.አ. የመሠረታት ከተማ ኋላ አውራንጋባድ ተባለች። ከሦስት መቶ ዓመት በኋላም መውለዊ ዐብዱል ሐቅ የኡርዱን ማሳደጊያ ማኅበር የመሩት በዚያችው ከተማ ተቀምጠው ነበር።

ይሁን እንጂ ሐይደራባድ በ1948 እ.ኤ.አ. ከሕንድ ጋር ከተቀላቀለች በኋላ የዑስማንያ ማስተማሪያ ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠ። የተደከመበት ቋንቋም ተንከባካቢ ካጣ ወደ ኋላ ይቀራል። በ1998 እ.ኤ.አ. በዚያው ከተማ ሌላ የኡርዱ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። በካይሮው አል-አዝሀርም ኡርዱ ይሰጣል።

ስለዚህ ልጆቻችን ኡርዱንም ሆነ ሌላ ቋንቋ ቢማሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተማሩትን ወደ ወገናቸው ቋንቋ ይመልሱልን። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሷዲቅ የቁርኣንን ትርጉም ወደ አማርኛ በመመለስ ትልቅ በር ከፍተውልናል። በእንጅባራና በዳንግላ ግን አማርኛው እንኳ የሚከብዳቸው፣ በአዊኛ የሚያስቡ እናቶችና አባቶች አሉን። እኛ ኢማሞች በሚንበር ላይ የምንናገረው ካልደረሳቸው ዕዳው የእነሱ ሳይሆን የእኛ ነው። ሻህ ዐብዱል ቃዲር ለሕዝባቸው ያደረጉትን ለአዊኛ የሚያደርግ ልጅ ከዚህ ጀመዓ አላህ ያውጣልን። አሚን።