ታጥቦ ደጋግሞ የሚያገለግል የሜካፕ ማስለቀቂያ ጨርቅ፦ አጠቃቀሙ እና ጥንቃቄው

የሜካፕ ማስለቀቂያ ጨርቅ ፋውንዴሽን፣ ኩል፣ ማስካራና የከንፈር ቀለም ከፊት ላይ ለማንሳት የሚያገለግል፣ ከዚያም ታጥቦ እንደገና ሥራ ላይ የሚውል ትንሽ ፎጣ ነው። አንዴ ተጠርጎበት ከሚጣለው ጥጥና እርጥብ ሶፍት ጋር ሲነጻጸር ወጪ ይቀንሳል፣ የሚጣለውንም ቆሻሻ ያሳንሳል። በአግባቡ ከተያዘ የአብዛኛውን ሰው ቆዳ አይጎዳም። ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከጨርቁ ሳይሆን ከአያያዙ ነው፤ በተለይም ሳይታጠብ ወይም በደንብ ሳይደርቅ ለሁለተኛ ምሽት ሲያገለግል።

የጨርቁ ዓይነት

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ማይክሮፋይበር የሚባለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከፖሊስተርና ከናይለን ሲሆን ክሮቹ ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠኑ ናቸው። በክሮቹ መካከል ብዙ ጥቃቅን ክፍተቶች ስላሉ ጨርቁ ሲረጥብ ቅባትና ቀለም ስቦ ይይዛል። «ውሃ ብቻ ይበቃል» የሚለው ማስታወቂያ ግን በከፊል ብቻ ነው እውነት። ቀለል ያለ ፓውደርና ፋውንዴሽን በውሃ ሊነሳ ይችላል። ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራና ወፍራም የሠርግ ሜካፕ ግን የሚለቁት በቅባት ነው፤ በውሃ ብቻ ለማንሳት መታገል ቆዳን ከመቦጨቅ ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ሁለተኛው አማራጭ ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ነው። ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ የነጠላ ቁራጭ እንኳ ጠርዙ ከተሰፋ ይሠራል። ጥጥ ቀለምን የመሳብ ኃይሉ ከማይክሮፋይበር ቢያንስም አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፦ በፈላ ውሃ ሊቀቀልና በካውያ ሊተኮስ ይችላል። ማይክሮፋይበርን ከፍተኛ ሙቀት ያበላሸዋል። ከቀለም ነጭ ይመረጣል። ጥቁር ጨርቅ እድፉን ስለሚደብቅ ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል እንጂ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም።

እንዴት ይጠቀሙበታል?

በመጀመሪያ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ ኮንታክት ሌንስ ካደረጉ ያውጡ። ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ነክረው ጨምቁት የማይንጠባጠብ እስኪሆን ድረስ ያድርቁት። ሥራው የሚጀመረው ከዓይን ነው። ዓይንዎን ጨፍነው ጨርቁን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ያህል ሳይጠርጉ በቀስታ ያሳርፉበት፤ ቀለሙ ሲላላ ከላይ ወደ ታች ይሳቡት። ማስካራው አልለቅ ካለ ለዓይን አካባቢ ተብሎ የተዘጋጀ ቅባታማ ማስለቀቂያ ጠብ ያድርጉበት። አንዱን ዓይን የጠረጉበትን የጨርቅ ገጽ ለሌላው አይጠቀሙ። ተለጣፊ ሽፋሽፍት ያላቸው ሴቶች ጨርቁ እየያዘ ሊነቅለው ስለሚችል ለሽፋሽፍቱ ጫፍ የጆሮ ኩክ ማውጫ ጥጥ ቢጠቀሙ ይሻላል።

ከዚያ ወደ ግንባር፣ ጉንጭና አንገት ይለፉ። ጨርቁ ሜካፑን ካነሳ በኋላም የቀረ ቅባት ስለሚኖር ፊትን በለስላሳ ሳሙናና በውሃ መለቅለቅ ያስፈልጋል።

አጥብቆ መፈተግ ንጽሕና አይጨምርም። ጠይም ወይም ጥቁር ቆዳ ትንሽ እንኳ ሲቆጣ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል። ብጉር ያለባቸው ወጣቶች «ቆሻሻው ይውጣ» ብለው ሲፈትጉ ብጉሩ ይባባሳል፤ ጠባሳውም ይበዛል።

እርጥብ ጨርቅ ለምን አደገኛ ይሆናል?

አንድ ጊዜ ያገለገለ ጨርቅ ላይ የፊት ወዝ፣ የሞተ ቆዳ፣ የሜካፕ ቅሪትና እርጥበት ተጠራቅመው ይገኛሉ። ባክቴሪያ ለመራባት ከዚህ የተሻለ ቦታ አይፈልግም። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል፤ በተቦጨቀ ቆዳ በኩል ሲገባ ግን መግል የያዘ ቁስልና ብጉንጅ ያስከትላል። መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከቧንቧው ላይ ተንጠልጥሎ የሚያድር ጨርቅ ጠዋት ሲነኩት ቀዝቃዛና ርጥብ ከሆነ አልደረቀም፤ ያን ምሽት ፊት ላይ መመለስ የለበትም።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚገባው ለዓይን ነው። በተለምዶ ዓይነ ማዝ የሚባለው ተላላፊ የዓይን ቁጣ በእጅና በፎጣ በቀላሉ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። በዓለም ላይ በተላላፊ በሽታ ምክንያት ለሚመጣ ዓይነ ስውርነት ቀዳሚው መንስኤ የሆነው ትራኮማም ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ የበሽተኛ ሰው ፊት የተጠረገበት ጨርቅ ነው፤ ሌሎቹ እጅና ዝንብ ናቸው። የትራኮማ ጫና ከሚከብድባቸው አገሮች ኢትዮጵያ ግንባር ቀደም ስትሆን ይበልጥ የሚያጠቃውም ሕፃናትንና እነሱን የሚንከባከቡ ሴቶችን ነው። ስለዚህ እናት ኩሏን ባስለቀቀችበት ጨርቅ የልጇን ዓይን ወይም አፍንጫ መጥረግ የለባትም። አንዳንዱ ኩል እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ስለሚይዝ ክልከላው ለበሽታ ብቻ አይደለም።

በከንፈር ዙሪያ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ እኛ ምች የምንለው ቁስል መንስኤው ብዙውን ጊዜ ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው። ቁስሉን የነካ ጨርቅ ወደ ዓይን ከሄደ የዓይንን ብሌን ሊጎዳ ይችላል። ምች ሲወጣ ቁስሉ እስኪደርቅ ድረስ የሚጣል ጥጥ መጠቀም ይመረጣል።

በውበት ሳሎንና በሠርግ ቤትም ያው ነው። ሚዜዎቹን ሁሉ በአንድ ፎጣ የምትጠርግ ባለሙያ እጇ ምንም ቢያምር ሥራዋ ጥሩ አይደለም። ለእኔ አዲስ ጨርቅ ይቅረብልኝ ማለት ነውር የለበትም፤ የራስን ይዞ መሄድም ይቻላል።

አጠባና ማድረቅ

ጨርቁን እንደተጠቀሙበት ወዲያውኑ በሳሙና እያሹ ይጠቡት፤ ቀለሙ ከደረቀበት በኋላ አይለቅም። የጥጡን ቢያንስ በሳምንት አንዴ ይቀቅሉት። ማሽን ካለ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማጠብ ጥሩ ነው፤ ማይክሮፋይበሩ ይህን ሙቀት መቻሉን ግን ከምልክቱ ላይ ያንብቡ። የልብስ ማለስለሻ አይጨምሩ፤ ክሮቹን ስለሚሸፍን ጨርቁ መሳብ ያቆማል፣ ሽታውም ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። በረኪና ለማይክሮፋይበር አይሆንም። ለነጭ ጥጥ ከተጠቀሙ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ያለቅልቁ፤ ከኮምጣጤ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ደግሞ በፍጹም አይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይፈጥራል።

ማድረቅ ከማጠብ እኩል ነው። አየር በሚያገኝበት ገመድ ላይ፣ ቢቻል ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ይሰጣ። በክረምት ፀሐይ ሲጠፋ የጥጡን ጨርቅ በካውያ ማድረቅ ይቻላል። እንደ ጅዳና ዱባይ ባሉ ወበቃማ የባሕር ዳር ከተሞች የሚኖሩ ደግሞ ጨርቁን መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ከመተው አየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ቢያሰጡት ቶሎ ይደርቃል። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል የሚኖር ከሆነ የየራስን ጨርቅ በክር ምልክት መለየት ጠቃሚ ነው።

ሜካፕ በየቀኑ የሚቀቡ ከሆነ ሰባት ጨርቅ ይኑርዎት፤ አንዱ ላንድ ምሽት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁልጊዜ አይሳካም። ያገለገለው ጨርቅ ሳይታጠብ የሚከርም ከሆነ ያለ ሐሳብ ወደሚጣለው ጥጥ ይመለሱ፤ ካልታጠበ ጨርቅ ተራው ጥጥ ይሻላል።

ከአጠባ በኋላ የቀረ የቀለም ጥላ ብቻውን ጨርቁን አያስጥልም። ታጥቦና ደርቆ የሚሸት፣ የደረቀ ቆዳ የሚመስል ወይም ፊት ሲነካ የሚከረክር ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል።

ባይጠቀሙበት የሚመረጥ

ችፌ ወይም የቆሰለ ብጉር ያለባቸው፣ በቅርቡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ወይም የፊት ሌዘር ያደረጉ ሰዎች ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ ፊታቸውን በጨርቅ አይጥረጉ። ቆዳ ለማቅላት ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀቡም እንዲሁ፤ ክሬሙ ቆዳን ስለሚያሳሳ ለስላሳው ጨርቅ ሳይቀር ያቆስለዋል።

ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ዓይን ቀልቶ ቢያም ወይም ብርሃን መቋቋም ቢያቅተው፣ እይታ ቢደበዝዝ፣ ከምች ጋር አብሮ ዓይን ቢቀላ በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልጋል። ዓይን ፈሳሽ ካለው፣ የዓይን ቆብ ካበጠ፣ መግል የያዘ ቁስል ፊት ላይ እየሰፋ ከሄደ፣ ወይም ጨርቁን ካቆሙ ከሳምንት በኋላም ሽፍታውና ማሳከኩ ካልጠፋ ይታዩ። ዓይኑ እስኪድን ድረስ ኩልም ማስካራም አይቀቡ፤ በሕመሙ ጊዜ የተጠቀሙበትን ማስካራ ይጣሉት፣ የጥጡን ጨርቅ ይቀቅሉ፣ ማይክሮፋይበሩን በአዲስ ይተኩ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚቀቡትን ክሬምና ሜካፕ ከነዕቃው ይዘው ይሂዱ፤ መንስኤው ጨርቁ ሳይሆን በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ሊሆን ይችላል።