አስካሪ መጠጥ የሌለበት ገበታ

በብሪታንያ የሚኖር ዘመድ ያላችሁ «የከሰዓት በኋላ ሻይ» ስለሚባለው ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ገደማ ወደ አንዲት ትንሽ ሻይ ቤት ገብታችሁ ስትቀመጡ በመጀመሪያ ሻዩ በበራድ ሆኖ ይመጣል፤ ሻዩ ሲከር የሚጨመርበት የፈላ ውኃም በሌላ ዕቃ ይቀርባል፤ ወተትና ስኳሩ ለየብቻ ነው። ቀጥሎ ባለ ሦስት ደርብ ሳህን ጠረጴዛው መካከል ይቀመጣል። በታችኛው ላይ ጠርዙ ተቆርጦ የወጣለት ስስ ሳንድዊች፣ በመካከለኛው ላይ ስኮን የሚሉት ለብ ያለ ትንሽ ዳቦ ከማርማላታና ከወፍራም ክሬም ጋር፣ በላይኛው ላይ ደግሞ ኬክ ይደረደራል። የሚበላውም ከታች ወደ ላይ ነው። የሚያስቸኩል የለም። አያት፣ እናት፣ አባትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ።

ዛሬ ይህ ተራ ነገር ይመስላል። ከመቶ ሃምሳ ዓመታት በፊት ግን በዚያች አገር አንዲት ጨዋ ሴት ብቻዋን ወይም ከልጆቿ ጋር ወጥታ፣ መጠጥ በማይሸጥበት ቤት ተቀምጣ እህል መቅመስ እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የቤድፎርዷ ዱቼስ አና በ1840 ገደማ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በምሳና በእራት መካከል ሲርባት ሻይና ዳቦ ማስቀረብ ጀመረች፤ ልማዱም ከእርሷ መጣ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ይህ ግን የመኳንንት ሳሎን ወሬ ነው። ለሕዝብ የተከፈተው ሻይ ቤት የመጣው በሌላ መንገድ ነው።

በፋብሪካ ከተሞች ሠራተኛው ደመወዙን በተቀበለ ዕለት ወደ መጠጥ ቤት ይገባ ነበር፤ ሚስትና ልጆች ጦም ያድሩ ነበር። ይህን ያዩ ሰዎች መጠጥን የሚቃወሙ ማኅበራት አቋቋሙ። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው ፕሬስተን ከተማ ጆሴፍ ሊቭሴይ የተባለ አይብ ነጋዴ ከስድስት ጓደኞቹ ጋር በ1832 ዓ.ም. አስካሪ መጠጥ ፈጽሞ ላለመቅመስ ቃል ገብቶ ፈረመ። ነገር ግን «አትጠጣ» ማለት ብቻውን በቂ አልነበረም፤ ሰውየው ከሥራ ወጥቶ የት ይቀመጥ? ማኅበራቱ በየአዳራሹ ትልልቅ የሻይ ግብዣ ማዘጋጀት የጀመሩት ለዚህ ነው። በእኔ አስተያየት ከስብከቱ ሁሉ ይልቅ የሠራው ይህ ነው። ክፉውን ቦታ ለማስተው ሌላ ቦታ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ከአዳራሽ ወደ ሱቅ የተደረገው ሽግግር በ1864 በለንደን ታየ። አንድ የዳቦ ኩባንያ በለንደን ድልድይ አቅራቢያ ሱቅ ነበረው፤ ሱቁን የምታስተዳድረው ሴት ለደንበኞቿ ሻይ ትሰጥ ነበርና፣ ለምን ለሕዝብ ሁሉ አንሸጥም ብላ አለቆቿን አሳመነች ይባላል። በ1894 ደግሞ የላየንስ ኩባንያ የመጀመሪያውን ሻይ ቤት በፒካዲሊ ጎዳና ከፈተ።

የዚህ ታሪክ ዋና ከተማ ግን ለንደን ሳትሆን የስኮትላንዷ ግላስጎው ናት። ስቱዋርት ክራንስተን የተባለ የሻይ ነጋዴ ደንበኞቹ ቀምሰው እንዲገዙ ያደርግ ነበር፤ በ1875 ጥቂት ጠረጴዛዎች አስቀምጦ ሻዩን በሲኒ፣ ዳቦና ኬኩን በተጨማሪ ክፍያ መሸጥ ጀመረ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1878፣ እህቱ ኬት በአርጋይል ጎዳና የራሷን ቤት ከፈተች። ያን ጊዜ ሴት ልጅ በስሟ የንግድ ቤት ማቆሟ ራሱ ያስወራ ነበር። እርሷ ግን በኢንግራም፣ በቡካናንና በሶኪሆል ጎዳናዎች ሦስት ቤቶች ጨመረች። የመጨረሻው በ1903 የተከፈተው «ዊሎው» ሲሆን፣ አርክቴክቱ ቻርልስ ሬኒ ማኪንቶሽ ከባለቤቱ ከማርጋሬት ማክዶናልድ ጋር ከግድግዳው እስከ ወንበሩ ድረስ ነድፎታል። ፎቅ ላይ በመስተዋት ያጌጠ ክፍል ነበረ፤ እዚያ ሻይ ለመጠጣት አንድ ሳንቲም ይጨመር ነበር። ኬት ክራንስተን በ1934 ስትሞት ከሀብቷ አብዛኛውን ለግላስጎው ድሆች ተናዝዛለች።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ የሒሳቡ ነገር ነው። በግላስጎው ሻይ ቤቶች ስኮኑና ኬኩ በሳህን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር። እንግዳው የፈለገውን ያነሣል፤ ማንም አይቆጥርበትም። ሲወጣ «ይህን ያህል በላሁ» ብሎ ራሱ ተናግሮ ይከፍላል። ትርፍ ፈላጊ ነጋዴ ሒሳቡን ለደንበኛው አማና ትቶ መሥራቱ፣ በዚያም ሳይከስር ቤት በቤት ላይ መጨመሩ ትንሽ ነገር አይደለም። እስቲ በከተማችን ያለ አንድ ኬክ ቤት ይህን ቢሞክር ብላችሁ አስቡ!

እነዚህ ቤቶች ለሴቶች ከምግብ በላይ ሆነው አገለገሉ። የምርጫ መብት የሚጠይቁ ሴቶች የሚሰበሰቡበት አጥተው ስብሰባቸውን በሻይ ቤት ያደርጉ ነበር።

ይሁንና ሲኒው ራሱ ንጹሕ አልነበረም፤ ይህንንም መናገር ተገቢ ነው። ብሪታንያ ከቻይና ሻይ የምትገዛበት ብር ሲያጥራት፣ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በቤንጋል ኦፒየም እያስመረተ በነጋዴዎች በኩል ወደ ቻይና እንዲገባ አደረገ፤ የሻዩም ዋጋ ከዚያ ተከፈለ። ቻይና ዕፁን ብትከለክል በ1839 ጦርነት ተነሣ፤ እስከ 1842 ቆየ። በዚያው በ1839 የአሳም ሻይ ለመጀመሪያ ጊዜ በለንደን ተሸጠ፤ በአሳም እርሻዎች ግን በውል ታስረው የተወሰዱ ብዙ ድሆች በበሽታና በግፍ አለቁ። እንግሊዛዊው ሰካራም ከመጠጡ እንዲላቀቅ በቀረበለት ሲኒ ምክንያት ቻይናዊው ለኦፒየም ተዳረገ።

የመጠጥ ተቃዋሚዎቹ እንቅስቃሴ ከእስልምና ጋር የተገናኘው በሊቨርፑል ነው። ዊልያም ኩዊሊያም በ1856 የተወለደ ጠበቃ ሲሆን ከልጅነቱ ጀምሮ በመጠጥ ተቃዋሚዎች ማኅበር ውስጥ ያደገ ነው። በ1882 ሞሮኮን ጎበኘ፤ በኋላም ሰልሞ አብዱላህ ተባለ። በ1887 በከተማው በሚገኝ የመጠጥ ተቃዋሚዎች አዳራሽ ስለ «አክራሪዎች» ንግግር አደረገ። ለበጎ ዓላማ ሲታገሉ አክራሪ ተብለው የተሰደቡ ሰዎችን እየጠራ ሄደና በመጨረሻ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ደረሰ። ከአድማጮቹ መካከል የአንድ መጠጥ ተቃዋሚ ማኅበር ጸሐፊ የሆነች ወጣት ነበረች፤ ጥያቄ ጠየቀችው፤ እርሱም የቁርአን ትርጉም ሰጣት። ይህች ፋጢማ ኬትስ ናት፤ ሰልማ የሊቨርፑል ሙስሊሞች ተቋም ገንዘብ ያዥ ሆነች። ለስብሰባ ስትሄድ የሰፈር ሰዎች ጭቃና የፈረስ ፋንድያ ይወረውሩባት ነበር። ተቋሙ በ1889 በብራም ቴራስ የራሱን ቤት አገኘ፤ ክርስቲያኖች ገናን በሚያከብሩበት ቀንም የከተማውን ድሆች ማብላት ልማዱ አደረገው። ፋጢማ በ1900 በ35 ዓመቷ ሞተች። ለረጅም ጊዜ የማዘጋጃ ቤት ጽሕፈት ቤት ሆኖ የቆየው ይኸው ቤት በ2014 ለሶላት እንደገና ተከፈተ።

ዊሎው ሻይ ቤትም ታድሶ በ2018 ተከፍቷል። የሚያሳዝነው ዛሬ በለንደን ትልልቅ ሆቴሎች የከሰዓት በኋላውን ሻይ ከአንድ ብርጭቆ ሻምፓኝ ጋር መሸጥ መለመዱ ነው፤ መጠጥን ለማስተው የተስፋፋው ገበታ መጠጥ ተመለሰበት። ከሳንድዊቹ አንዱ የአሳማ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ በኬኩ ላይ የሚደረገው ጄላቲንም ምንጩ መጠየቅ አለበት። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ጥያቄ ምክንያት በበርካታ የብሪታንያ ከተሞች ሐላል የከሰዓት በኋላ ሻይ የሚያዘጋጁ ቤቶች አሉ፤ ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው ቀደም ብሎ ደውሎ ቢያስይዝ ይሻለዋል።