ኢየሱሳውያኑ ሁለቴ መጡ

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የአምስትና የአሥር ዓመት ስትራቴጂያዊ ዕቅድ ያወጣሉ። ሰነዱ ይጠረዛል፣ ራእይና ተልዕኮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ዕቅድ ማውጣቱ ጥሩ ነው። ግን ያቀደው ሰው ሲሄድ ምን ይተርፋል? ወዳጆቼ፣ መልሱን ከታሪክ እንፈልገው። የካቶሊክ መምህራን የሆኑት ኢየሱሳውያን አገራችን ላይ ሁለት ጊዜ ትልቅ ዕቅድ ይዘው መጥተዋል። የመጀመሪያው እኛው ጎጃም ድረስ የደረሰ ነው።

ጴድሮ ጳኤዝ እ.ኤ.አ. በ1603 ትግራይ ፍሬሞና ገባ። ሰውየው ችኩል አልነበረም። አማርኛና ግዕዝ ተማረ፣ ልጆች ሰብስቦ አስተማረ፣ በጎርጎራ ሕንፃ አሠራ። በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አይቷል። የጎጃም ገዥ የነበረው የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ሥዕለ ክርስቶስ ደጋፊያቸው ሆነ። በጎጃም ቆለላ ላይም ማዕከል ከፈቱ።

ዕቅዱ ግን የቆመው በቤተ መንግሥት ትከሻ ላይ ነበር። ጳኤዝ በሕይወት ሳለ እንኳ ቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር ሲታወጅ ዳሞት አመፀ፤ አመፁን በጦር የመታውም ያው ሥዕለ ክርስቶስ ነው። ጳኤዝ በ1622 ሞተ። በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ደግሞ ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ክህነት ይቀበሉ አለ። አገሩ በደም ታጠበ። ሱስንዮስ በ1632 ወይና ደጋ ላይ ድል ቢያደርግም በሺህ የሚቆጠር የራሱ ሕዝብ ወድቆ ነበር። በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። የሠላሳ ዓመት ሥራ በጥቂት ወራት ፈረሰ። ወደ መርጡለ ማርያም የሄደ ሰው እነሱ የሠሩትን ግንብ ፍርስራሽ ዛሬም ያያል።

ሁለተኛው አመጣጥ ሌላ ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የካናዳ ኢየሱሳውያንን ጠሩ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፦ አስተምሩ፣ አትስበኩ። የካህን ልብሳቸውን ትተው ኮትና ከረባት አደረጉ። መጀመሪያ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ያዙ። ቀጥሎ በ1943 ዓ.ም. በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ። ሲጀመር የተማሪው ቁጥር 33 ነበር። 33 ብቻ! በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከዓለማያ፣ ከጎንደርና ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ንጉሡ የስድስት ኪሎውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰጡት፤ ብዙም ሳይቆይ ልጅ ካሣ ወልደማርያም ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ልብ በሉ፣ ይኼኛውም ሥራ የተጀመረው በንጉሥ ጥሪ ነው። ንጉሡ በ1967 ዓ.ም. ሲወርዱ ግን ዩኒቨርሲቲው አብሮ አልወረደም። ስሙ ተቀየረ እንጂ በሩ አልጠፋም። እንዲያውም በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የወጡት የዚሁ ቤት ተማሪዎች ናቸው። ለምን ተረፈ? ወንበሩን አገሬው ስለያዘው ነው። የውጭዎቹ መምህራን ሲሄዱ የሚያስተምር ሀበሻ ነበረ።

ይህን ለጎጃም ሰው ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ዋሸራም ጎንጅም ሆነ ዲማ ጊዮርጊስ የተጠረዘ ዕቅድ አልነበራቸውም። የቅኔው መምህር ሲያልፍ ግን ደቀ መዝሙሩ ወንበሩን ይይዛል። የቆሎ ተማሪውን ደግሞ መንደሩ ቁራሽ እየሰጠ ያኖረዋል። በጀቱ ከእያንዳንዱ ቤት ስለሚወጣ፣ አንድ ገዥ ቢሻር ጉባኤው አይበተንም። ስንት ንጉሥ ሲሄድ ቅኔው ቀጥሏል።

የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ገና ልጅ ነው። ዛሬ መንገድ በሚዘጋበት፣ ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዚህ ክፉ ጊዜ ስለ አሥር ዓመት ማውራት ቅብጠት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንዲህ ባለው ጊዜ ነው የሚያስፈልገው እላለሁ። ዕቅዱን የሚያወጡ ሁሉ ከግንቡና ከቁጥሩ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ እኛ ስንሄድ ወንበሩን ማን ይይዛል? ክፉ ቀን ሲመጣ የአካባቢው ሰው «የኔ ነው» ብሎ ቁራሹን ያካፍለዋል ወይ?

ለዚህ መልስ የሌለው ሰነድ፣ ቢጠረዝም ባይጠረዝም፣ የመርጡለ ማርያም ግንብ ነው።