ስለ ትምህርት ቤት ደጅ

የትምህርት ቤት ደጅ ለማን ይከፈት? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አባቶቻችንን አከራክሯል፣ መንግሥትን አስጨንቋል፣ ዛሬም ልጅ ያላቸውን ሁሉ እንቅልፍ ይነሣል። አንባቢ ሆይ፣ ነገሩን ከሥሩ ለማየት ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጎጃም እንጀምር።

ጎጃም ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራ፣ በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ የመግቢያ ፈተና የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁ ከሸዋ ይምጣ ከትግራይ፣ የባለጸጋ ይሁን የድኻ፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከደረሰ ጎጆ ቀልሶ ይቀመጣል፤ በየመንደሩ ዞሮ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ፣ ከውሻም ጋር እየታገለ፣ ቁራሹን ይለምናል፤ ከዚያ በኋላ ከመምህሩ ደጅ ተቀምጦ ይማራል። ወንፊቱ የነበረው ከውስጥ ነው። ቅኔ መቁጠር ያቃተው ማንም ሳያባርረው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የበረታውም መምህር ይሆናል።

ይህን ስናመሰግን ግን እውነቱን አንሸሽግ። ደጁ ለሁሉ ክፍት ነበር ስንል ሴቶች ልጆችን አልቈጠርንም። ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም የቅኔ መምህርት ሆነው ወንዶችን ማስተማራቸው እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚነገረው ነገሩ ብርቅ ስለ ነበረ ነው። የሸማኔው፣ የቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ልጅም የሚከለክለው ሕግ ባይኖር እንኳ የሰዉ ንቀት ብዙ ጊዜ ከደጁ ያርቀው ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ሲመጣ ወንፊቱ ከውስጥ ወደ ደጁ ወጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1901 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ገጠር ተነሥተው፣ የቤተ ክህነቱን ትምህርት በደብረ ኤልያስና በዲማ ቀስመው፣ በ1917 ዓ.ም. ወደ ተከፈተው ወደ ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት መግባታቸው እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕድል የደረሰው ለስንቱ የቆሎ ተማሪ ነው?

ከጠላት ወረራ በኋላ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም የጄኔራል ዊንጌት ተከተለ። ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. በጎጃም ከአርበኞች ጋር የተዋጋው እንግሊዛዊ መኰንን ነው። በእነዚህ አዳሪ ቤቶች ተማሪው በመንግሥት ወጪ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይማራል፤ የሚገባውም ከየጠቅላይ ግዛቱ በፈተና ተመርጦ ነው። እኔ ፈተናን አልነቅፍም። የድኻ ልጅ ያለ አማላጅና ያለ እጅ መንሻ የሚቀድምበት ቦታ ቢኖር የፈተና ወረቀት ነው፤ ፈተናው ቢነሣ ቦታውን የሚይዘው ዘመድ ያለው ነበር።

ይሁን እንጂ ፈተናው የሚመዝነው ልጁን ብቻ አይደለም፤ ያለፈበትንም መንገድ ነው። በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ የትምህርት ግብር በመሬት ላይ ተጣለ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን በከተማ ብቻ ነበር። የማቻከል ገበሬ ልጁን ደብረ ማርቆስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሊያስተምር ቢፈልግ ቤት መከራየት፣ ስንቅ በአህያ ጭኖ መላክ ነበረበት። የዳንግላው የአገው ልጅና የመተከሉ የጉሙዝ ልጅ ደግሞ ሌላ ሸክም ነበረባቸው፤ ለዩኒቨርሲቲ ለመብቃት አማርኛ ማለፍ ግዴታ ነበርና፣ ለእኛ ልጅ የእናቱ ቋንቋ የሆነው ለእነርሱ አንድ ተጨማሪ ዳገት ሆነ። ይህንን የጎጃም አማርኛ ተናጋሪ ቶሎ አያስተውለውም።

ክርክሩ በይፋ የፈነዳው በ1966 ዓ.ም. ነው። የትምህርት ጥናቱ፣ ሰው ሁሉ «ሴክተር ሪቪው» ይለው የነበረው፣ ለብዙኃኑ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሰጥቶ ወደ ላይ የሚያልፉትን ጥቂት ማድረግ አሰበ። አሳቡ ከገንዘብ አንጻር ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አገሪቱ ለሁሉም የሚበቃ ሁለተኛ ደረጃ የመክፈት አቅም አልነበራትም። ወላጆችና መምህራን ግን የድኻው ልጅ በአራተኛ ክፍል ቀርቶ የሀብታሙ ልጅ በግል ትምህርት ቤት ይቀጥላል ብለው ተቈጡ። መምህራን በየካቲት 11 ቀን ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም አሳቡን ለማቆየት ተገደደ። አብዮቱን ከቀሰቀሱት ነገሮች አንዱ እንግዲህ ይህ የደጅ ጥያቄ ነበር።

በኋላ ዘመን ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ዝቅ እንዲል ተደረገ። ለቀድሞው በደል ካሣ ነው፤ ተገቢም ነው እላለሁ። ነገር ግን መተከል ከጎጃም ወጥቶ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስለ ተከለለ፣ ከወሰኑ በወዲህና በወዲያ ያሉ የሁለት ድኻ ገበሬዎች ልጆች በሁለት ሚዛን ይመዘኑ ጀመር። ካርታ የልጁን ችግር አያውቅም።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው 3.3 ብቻ ሆኑ፤ ከሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። ጥሩ ውጤት ካመጡት መካከል ተመርጠው የሚገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩበት፤ ሰውም እነርሱን አብዙልን ማለት ጀመረ። ይብዙ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በጎጃም ገጠር ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በክልሉ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ርቀዋል። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ያልተቀመጠ ልጅ ደግሞ ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምርጫ ስሙ አይቀርብም።