ጨው፣ ውኃና ላሜራ፦ አሮጌ ኩፔ በጅቡቲ ከተማ

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጅቡቲ በር ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ በ1907 እና በ1908 መካከል መኪናውን ከጅቡቲ አንሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦና አቀበቱን ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በአዲሱ መጓጓዣ ተሳፍረው ተመልክተውታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ፈረንሳዮች በ1888 የቆረቆሯት ይህች የወደብ ከተማ ከዚያ ጊዜ አንሥቶ እስከ ዛሬ ለኢትዮጵያ የሚሄደውን ሞተር፣ ጎማና ላሜራ ስትቀበል ኖራለች። ለራሷ ነዋሪዎች የተረፈው መኪና ግን ሌላ ዕጣ ይጠብቀዋል። ደጋውን ሳያይ ከባሕሩ ዳር ያረጃል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ከባሕሩ ዳር የሚያረጅ መኪና፣ በተለይም ባለ ሁለት በሩና ዝቅ ያለው፣ «ኩፔ» የሚባለው ዓይነት ነው።

የጥገናው ቋንቋ ራሱ የመጣበትን መንገድ ይናገራል። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» የፈረንሳይኛ ቃላት ናቸው። «ካንዴላ»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ቴስታታ»፣ «ማርሚታ»፣ «ባቲላሜራ» ግን ከጣሊያንኛ የመጡ ሲሆኑ፣ በሰሜን በኩል፣ ይልቁንም ከ1936 እስከ 1941 በቆየው የወረራ ዘመን ከመንገዱና ከካሚዮኑ ጋር ሥር ሰድደዋል። በዚህም ምክንያት ከአዲስ አበባ ወይም ከድሬዳዋ ወርዶ ጅቡቲ የሚሠራ መካኒክ «ካንዴላ» የሚለውን የጅቡቲው ባልደረባው «ቡዢ» ይለዋል፤ «ፍሪሲዮን» የሚለውን «አምብረያዥ»፣ «ቴስታታ» የሚለውን «ኩላስ» ይለዋል። የመለዋወጫ ሱቅ ገብቶ ትክክለኛውን ዕቃ ይዞ ለመውጣት ሁለቱንም መዝገበ ቃላት በአፍ መያዝ ያስፈልጋል። አንድ ሞተር ሁለት ቋንቋ ሲናገር የሚሰማበት ከተማ ብዙ አይደለም።

«ኩፔ» ደግሞ በፈረንሳይኛ «የተቆረጠ» ማለት ነው። በፈረስ ሠረገላ ዘመን ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መቀመጫዎች ከነበሩት ሠረገላ የፊተኛው መቀመጫ ተቆርጦ ሲወጣ የቀረው አጭር ሠረገላ በዚህ ስም ተጠራ። መኪናም ስሙን ወረሰ፤ ሁለት በር፣ አጭር ጣሪያ፣ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቅ መስተዋት። ለቤተሰብ የማይመች፣ ለዕቃ የማይበቃ፣ ለዓይን ግን የሚያምር መኪና ነው። የሰው ልብ ደግሞ ሁልጊዜ ለሚመቸው ነገር ብቻ አይሸነፍም።

የእነዚህ መኪኖች ታሪክ ለገዢው አንድ ትልቅ ምስጢር ይገልጥለታል። በአፍሪካ መንገዶች ላይ ስሙን የተከለው ፔጆ 504 ባለ አራት በሩ በ1968 ወጣ፤ በ1969 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ተመረጠ። በዚያው ዓመት የቀረበውን ኩፔውን ግን የነደፈውም አካሉን የሠራውም ቱሪን የሚገኘው ፒኒንፋሪና ነበር፤ እስከ 1983ም ተመረተ። በ1997 ለገበያ የቀረበው የፔጆ 406 ኩፔም አካሉ ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። እስከ 2006 የተመረተው የመጨረሻው ቶዮታ ሴሊካም ባለ 1.8 ሊትር ሞተሩ ለኮሮላም ያገለገለ ነው። እንግዲህ ሥርዓቱ አንድ ነው፤ ሞተሩ ከብዙኃኑ መኪና ጋር የጋራ፣ አካሉ ግን ለብቻው የተሠራ ነው። የሞተሩ መለዋወጫ ኮሮላ ባለበት ሁሉ ይፈለጋል። የበሩ፣ የኮፈኑ፣ የኋላ መብራቱና የመስተዋቱ ጎማ ግን ከተበላሸ ምትኩን ማግኘት ፈተና ነው። ለባለ አራት በር መኪና ባለቤት የላሜራ እንክብካቤ ጌጥ ሊሆን ይችላል። ለኩፔ ባለቤት ግን የመኪናው ዕድሜ ራሱ ነው።

ጅቡቲ ደግሞ የምታጠቃው ይህንኑ የማይተካውን ነገር ነው። ከተማዋ ባሕር በሦስት ወገን የከበባት፣ በኮራል ድንጋይ ላይ የቆመች ናት። የባሕሩ ነፋስ የጨው ብናኝ ተሸክሞ በየቤቱ ይገባል። ዝገት ብረት፣ ውኃና ኦክስጅን ሲገናኙ የሚፈጠር ነው፤ ጨው ሲጨመርበት ውኃው ኤሌክትሪክ በቀላሉ የሚያስተላልፍ ስለሚሆን ሥራው ይፋጠናል። የምግብ ጨው የአየሩ እርጥበት ከመቶ 75 ገደማ ሲያልፍ ከአየሩ ላይ ውኃ እየሳበ ይሟሟል። በባሕር ጨው ውስጥ የሚገኘው ማግኒዝየም ክሎራይድ ግን ለዚህ ከመቶ 33 ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ለዓይን ደርቆ የሚታይ መኪና በላሜራው እጥፋት ውስጥ ከቶ ላይደርቅ ይችላል። ዝናብ እምብዛም በማያውቀው አገር መኪና እንዴት ይዝጋል ብሎ ለሚገረም ሰው መልሱ ይኸው ነው። በደጋው አገር ዝናቡ ራሱ መኪናውን ያጥባል፤ እዚህ የሚያጥብ ዝናብ በማነሱ ጨው በጨው ላይ ይደራረባል።

ፋብሪካዎች ይህን ጠላት ለማሸነፍ ብዙ ደክመዋል። በ1920ዎቹ ፈጥኖ የሚደርቀው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም መጣ። በ1960ዎቹ ፎርድ አካሉን በሙሉ በቀለም ገንዳ ነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የመቀባትን ዘዴ አስፋፋ፤ ብሩሽም ሆነ መርጫ የማይደርስበት ጉድጓድ በዚህ ዘዴ ቀለም አገኘ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ፖርሽ የ911ን አካል ዚንክ ከተለበጠ ላሜራ መሥራት ጀመረ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ አውዲ ለ100 ሞዴሉ እንዲሁ አደረገ። ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ ራሱን ለዝገት አሳልፎ ይሰጣል፤ እርሱ እስካለ ብረቱ ይድናል። ለገዢው የሚጠቅመው ቁም ነገር ከዚህ ይቀዳል። የ1970ዎቹ ኩፔ በአብዛኛው ይህ ጥበቃ የለውም፤ የ1990ዎቹ ግን ዕድሜው ቢገፋም የተሻለ ጋሻ ይዟል። ቀለሙም እንደ ዘመኑ ይለያያል። የድሮው ባለ አንድ ንብር ቀለም ፀሐይ ሲያደበዝዘው ተወልውሎ ይመለሳል። በ1980ዎቹ የተስፋፋው፣ ከላይ ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ያለው ቀለም ግን ሽፋኑ አንዴ ከተላጠ በመወልወል አይድንም፤ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

ጨውን የሚያስወግደው ንጹሕ ውኃ ነው። በጅቡቲ ታሪክ ውስጥ ግን እንደ ንጹሕ ውኃ ውድ የሆነ ነገር ጥቂት ነው። ከተማዋ ለዘመናት የኖረችው በአምቡሊና በአካባቢው ከሚቀዳ የጉድጓድ ውኃ ነው፤ ሕዝቡ ሲበዛና ቀዳው ሲጨምር የጉድጓዱም ውኃ ጨዋማነቱ እየጨመረ ሄደ። በ2010ዎቹ መጨረሻ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ መምጣት ጀመረ። በ2021 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የዶራሌ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ተመረቀ፤ አቅሙ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ነው። ባልባላ ውስጥ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ውኃ ሲፈልግ፣ በሌላው ሰፈር በጎማ ቱቦ መኪና ማጥለቅለቅ የሚያሳፍር ነገር መሆኑን አስተዋይ ነዋሪ አይስተውም። ደግነቱ፣ መኪናን በሚገባ ማጠብ ብዙ ውኃ አይጠይቅም፤ ሥርዓት እንጂ።

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። መኪናው በጥላ ሥር፣ ላሜራው ሳይግል፣ በማለዳ ይታጠባል። ጨውና አሸዋ በብዛት የሚደበቁት ከሥር ስለሆነ፣ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ካለ የመጀመሪያው እጅ ለመኪናው ሆድ፣ ለጎማው ዙሪያና ለበሩ የታች ጠርዝ ይሰጣል። በበሮቹ ግርጌ ያሉት ትንንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች በአቧራ እንዳይደፈኑ በቀጭን እንጨት ይጠረጋሉ፤ የብዙ ኩፔ በር ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበሰብሰው በእነዚህ መደፈን ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ባልዲ ይዘጋጃል፤ አንዱ የመኪና ሳሙና፣ ሌላው ጨርቁ የሚታለብበት ንጹሕ ውኃ። አሸዋው በሁለተኛው ባልዲ ይቀራል፤ ቀለሙን አይፍቅም። ኦሞና የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የሰሙን ሽፋን ገፎ ስለሚወስድ አይመከርም። የቧንቧው ውኃ ማዕድን ካለበት ጠብታው በፀሐይ ደርቆ ነጭ ነቁጥ ይተዋልና፣ መኪናው በለስላሳ ጨርቅ ወዲያው ይደርቃል።

የቀረው ማስዋብ ነው። ከታጠበ በኋላም በእጅ ሲዳሰስ የሚሻክር ቀለም በውስጡ የተተከለ ቆሻሻ አለው፤ ይህን ጃፓኖች በ1980ዎቹ ባስፋፉት የጽዳት ጭቃ እያራሱ በቀስታ ማንሣት ይቻላል። ከዚያም ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ወይም ሰው ሠራሹ ሽፋን በስሱ ይቀባል። የጅቡቲ ፀሐይ ሰሙን ቶሎ ስለሚበላው በደጋ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ የሚበቃው እዚህ ደጋግሞ መደረግ አለበት። ከውስጥም ዳሽቦርዱ እንዳይሰነጠቅ መስተዋቱ በመጋረጃ ይሸፈናል፤ ከሰዓት በኋላ የሚበተነው የጫት ቅጠልም ከወንበሩ ስፌትና ከምንጣፉ ሥር ይለቀማል። እርጥብ ቅጠል በምንጣፍ ሥር ሲቆይ እርጥበቱን ለወለሉ ላሜራ ያወርሳል።

ሞተሩም ውኃውን ይጠይቃል። ማዕድን የበዛበት ውኃ በእንፋሎት ባቡር ዘመን የማሞቂያ ገንዳን የሚያደድር ጠላት ነበር፤ ዛሬም በራዲያተር ቧንቧ ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ራዲያተር በተጣራ ውኃና በተገቢው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እንጂ በቧንቧ ውኃ አይሞላም። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በሙቅ አገር የተለመደ ዘዴ ቢሆንም፣ ሞተሩ ትክክለኛ ሙቀቱን እንዳይጠብቅ ያደርጋል እንጂ የታመመ ራዲያተርን አያድንም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በእንዲህ ዓይነት ጠረፍ በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ግድ ነው። ኩፔ በአብዛኛው ቆሞ የሚውል መኪና ስለሆነ ጎማውም ቺንጋውም በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜ ይቆጠራል። በጎማው ጎን ከተጻፉት አራት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ።

ገበያውም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ዱባይ በ2000 ለመኪና ንግድ የተከለለ ነፃ ቀጣና ካቋቋመች ወዲህ የአሮጌ መኪና ንግድ በአካባቢው ተስፋፍቷል። በሚያዝያ 2024 ዱባይን ያጥለቀለቀው ዝናብ ብዙ መኪኖችን በውኃ ዘፍቋል። ከዚያ ወገን የመጣ ኩፔ የሚገዛ ሰው ምንጣፉን ገልጦ፣ የወንበሩን ብሎኖች አይቶ፣ የደኅንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ ቢመረምር ጥቂት ደቂቃ እንጂ ሌላ አይከስርም። ዝገት ወይም ጭቃ በእነዚህ ቦታዎች ከተገኘ የላዩ ማብረቅረቅ ምንም አይደለም።

በዚህ ላይ የሕግ ለውጥ ተጨምሯል። ኢትዮጵያ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለች፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሏ ተነገረ። ቀድሞ ጅቡቲ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ መኪናውን አንድ ቀን በደወሌ ወይም በጋላፊ በኩል ይዞ ወደ አገሩ የመመለስ ሐሳብ ሊኖረው ይችል ነበር። ዛሬ ያ ሐሳብ ጠብቧል። ቤንዚን የሚጠጣው ኩፔ የሚኖረውም የሚሸጠውም እዚሁ፣ በጨዉ መካከል ነው። ዋጋውን የሚወስነውም ሞተሩ ሳይሆን ገዢው ተንበርክኮ ከበሩ ሥር የሚያየው ላሜራ ነው።

ከከተማዋ በስተምዕራብ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የአሳል ሐይቅ ጨው በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ለብዙ ትውልድ ሀብት ሆኖ ኖሯል፤ በደጋውም አሞሌ ገንዘብ ነበር። ያው ጨው ጠረፍ ላይ ለሚቆም ብረት ዕዳ ነው። ሀብቱንም ዕዳውንም አውቆ መኖር የጠረፍ ሰው ዕውቀት ነው፤ የኩፔ ባለቤትም ይህን ዕውቀት የሚገልጸው በማለዳ ተነሥቶ በአንድ ጀሪካን ውኃ የመኪናውን ሆድ በማጠብ ነው።