ወርቃማው ዘመን ያልደረሰበት ጆሮ

መወደድ ያለበትን ነገር አለመውደድ በጥበብ ወዳጆች ዘንድ እንደ ነውር ይቆጠራል። ስለ ቢትልስ፣ ስለ ሌድ ዜፕሊን፣ ስለ ፒንክ ፍሎይድ በሚወራበት ጉባኤ መካከል ፊቱ ያልፈካ ሰው ቢገኝ "አልጣመውም" አይባልም፤ "አልገባውም" ይባላል። ወጥ ያልጣመውን እንግዳ "አልገባህም" የሚል ባለቤት አላየሁም። ሙዚቃ ላይ ሲደርስ ግን ምላስ ይቀርና አእምሮ ይከሰሳል። "ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን" የተባለው የፒንክ ፍሎይድ አልበም እ.ኤ.አ. በ1973 ወጣ። ከዚያ ሃያ ዓመት ዘግይቶ የተወለደ ወጣት የሮክ ሙዚቃ ጫፍ ይህ ነው ተብሎ ይሰጠዋል። ያዳምጣል፤ የሥራውን ጥራት ይመሰክራል፤ ነገር ግን ከደጅ እንደቆመ ይቀራል።

እኛም የራሳችን ቢትልሶች አሉን። ዋልያስ፣ አይቤክስ፣ ኋላም ሮሃ፣ ዳህላክ... ከነርሱ ጋር ደግሞ ጥላሁን፣ ማሕሙድ፣ ዓለማየሁ፣ ሙላቱ። ዘመናቸው "ወርቃማው ዘመን" ተብሎ ስም ወጥቶለታል። እኔ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከወላይታ ሶዶ የበቀልኩ ሰው ነኝ፤ እነዚህን ባንዶች አከብራቸዋለሁ፣ አልወዳቸውም። በተማሪነቴ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ብነግረው፣ "እናንተ አገር ጆሮ የላችሁም እንዴ?" አለኝ። ቀልድ ነበር፤ ደግሞም ቀልድ ብቻ አልነበረም። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ኖሯል፤ መልሱን የምፈልገውም ጆሮዬ ውስጥ ሳይሆን ታሪክ ውስጥ ነው።

የእነዚህ ባንዶች የትውልድ ሐረግ የታወቀ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ወላጅ አልባ የሆኑ አርባ አርመን ልጆች አምጥተው የነሐስ መሣሪያ ባንድ አቋቋሙ። አለቃቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በቴአትር ቤቶቹ ትውልድ አሠለጠነ። የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። በ1948 ዓ.ም. ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። ከታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ የክቡር ዘበኛው ጥላሁን ገሠሠ ሳይቀር ለእስር በቃ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥልጣኑን በብቸኝነት የያዘውን የሀገር ፍቅርን ሳይፈራ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቶ ያህል ትንንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ዋልያስ ሒልተን ገባ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤተ መንግሥት፣ ጦር ሰፈር፣ ቴአትር ቤት፣ የሸክላ መደብር፣ ሆቴል፤ ሁሉም በአንዲት ከተማ በእግር ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረስባቸው ናቸው። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም፤ ሙዚቃም እንደ ሰው አድራሻ አለው ለማለት ያህል ነው። ሊቨርፑል የሌለችበት ቢትልስ የለም።

ያን ጊዜ ሶዶ የት ነበረች? የካዎ ጦና መንግሥት በ1887 ዓ.ም. በምኒልክ ዘመቻ ከወደቀ በኋላ አገሩ ርስትና ጉልት ሆኖ ተከፋፈለ። ሸክላው በአዲስ አበባ በሚሽከረከርበት ዘመን እኛ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ ነበርን፤ በመንግሥት መዝገብ ላይ የተጻፈው ስማችንም "ወላሞ" ነበር፤ ሕዝቡ ራሱን የማይጠራበት፣ ሲጠራበትም አንገቱን የሚያስደፋ ስም። ስሙ የተስተካከለው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ነው። "ወርቃማው ዘመን" ሲባል እኔ ይህ ትዝ ይለኛል። ሙዚቀኞቹ በዚህ ጉዳይ የሉበትም። ግን አንድ ዘመን በሙሉ በአንድ ማዕድን ስም ሲጠራ፣ ያ ማዕድን ያልደረሰው ሰው በልቡ ሒሳብ መሥራቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ዜማው። በትምህርት ቤት የምንማራቸው አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ቅኝቱ ራሱ ካርታ ይዞ ይዞራል ማለት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ከባሕር ማዶ ትምህርቱ ተመልሶ የኢትዮጵያን ጃዝ ሲቀምር ከጃዙ ጋር ያጋባው በዋነኛነት ይህን የአምስት ድምፅ ሥርዓት ነበር። በእኛ በኩል ያለው ልዩነት ከድምፅ ቁጥር ይልቅ በአዘፋፈኑ ሥርዓት ላይ ይበልጥ ይታያል። በመስከረም፣ በጊፋታ፣ ወጣቱ "ሀያያ ሌኬ" ብሎ ሲወጣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ሁሉ ይቀበላል፣ ወገብ ይታዘዛል፣ እግር መሬቱን ይመታል። በዚያ ውስጥ አድማጭ የሚባል ሰው የለም። ቆሞ የሚመለከት ቢኖር ገና ተራው ያልደረሰ ነው። ከእኛ ደቡብ፣ በጨንቻ አካባቢ ያሉት ዶርዜዎችማ ብዙ ድምፅን በየመንገዱ ለቅቀው፣ እንደ ጥበባቸው ድርና ማግ፣ መልሰው የሚሸምኑ ናቸው፤ የውጭ ተመራማሪዎች መቅረጫ ተሸክመው ተራራውን የወጡት ለዚህ ነው።

እንዲህ ባለ ድምፅ ያደገ ጆሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትዝታን ሲሰማ የሚገጥመው አንድ ብቸኛ ሰው ነው። ብቻውን ይናፍቃል፣ ብቻውን ያለቅሳል፤ ባንዱም ከኋላው በጨዋ ደንብ ያጅበዋል። "ተቀባዩ የት ሄደ?" የሚል ጥያቄ በልጅነቴ ይመጣብኝ ነበር። ግጥሙም ሰምና ወርቅ ነው፤ አማርኛን በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ለሰማ ሰው የተሠራ። እኔ አማርኛን ያገኘሁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። ዛሬ ይኸው እጽፍበታለሁ፣ እወደዋለሁም፤ ነገር ግን በጠመኔ የተማሩት ቋንቋ ወርቁን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው፤ ዘፈን ደግሞ አይጠብቅም።

ሌላው፣ ምናልባትም ዋናው ምክንያት ቤተ ክርስቲያን ነው። የሱዳን የውስጥ ክፍል ሚሲዮን ሰዎች ሶዶ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። ጣልያን ሲያስወጣቸው ትተውት የሄዱት አምሳ የማይሞላ የተጠመቀ ምእመን ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ጠበቃቸው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ሕዝቡ ከእንግሊዝኛ የተተረጎሙትን መዝሙራት ወደ ጎን ብሎ፣ በራሱ ዜማ፣ በአውጪና በተቀባይ ይዘምር ጀመር። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ከዞኑ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት "መዝሙር" እና "ዘፈን" ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው፤ ድንበሩንም እናት ትጠብቃለች። እናቴ ሬዲዮን የምትከፍተው ለዜና ነበር፤ ዜናው አልቆ ዘፈን ሲጀምር እጇ ቀድሞ ቁልፉ ላይ ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ዝነኛ ዘፈኖች እኔ የማውቃቸው በመግቢያቸው ብቻ ነበር፤ ሦስት አራት ምት፣ ከዚያ ጸጥታ!

ደርግ በመጣ ጊዜ የሆነውን ደግሞ ደጋግሜ አስበዋለሁ። በአዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ታወጀ፤ በሆቴሎቹ ውስጥ በሩ ተዘግቶ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት፣ እንግዳውም እስኪነጋ ይደንስ ነበር። በወላይታ በ1970ዎቹ ብዙዎቹ የቃለ ሕይወት አጥቢያዎች ተዘጉ። ምእመናን በየቤቱ ሌሊት ተሰብስበው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን አምቀው ይዘምሩ ነበር። እኔ የስድስት የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በእናቴ ነጠላ ጫፍ ተጠቅልዬ የሰማሁት ሙዚቃ ይህ ነው፤ በሹክሹክታ የሚዘመር የብዙ ሰው መዝሙር። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መንግሥት ፍርሃት ውስጥ፣ ሁለት በሮች ተዘግተው ነበር። እኔ ያደግሁት ከሁለተኛው በር ጀርባ ነው።

ነገር ግን "ወላይታ ስለሆነ ነው" እንዳይባልብኝ አባቴን ልጥቀስ። አባቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ እንደ ብዙ የወላይታና የከምባታ ጎልማሶች፣ ወንጂ ወርዶ ለሆላንዶቹ የስኳር ኩባንያ ሸንኮራ ሲቆርጥ ነበር። የጥላሁንን ድምፅ የሰማው እዚያ ነው፤ ማታ ማታ በካምፑ ሻይ ቤት ሬዲዮ ዙሪያ፣ ፊቱ በተቃጠለው አገዳ ጥላሸት እንደጠቆረ፣ ከእኩዮቹ ጋር። አማርኛው ከእኔ አማርኛ የከፋ ነበር፤ ሰምና ወርቅ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅም። ጥላሁንን ግን እስኪሞት ወደደው። እናቴ ገበያ ስትሄድ፣ እንሰቱን ሲፍቅ፣ ያንጎራጉረዋል። አንድ ጊዜ "አባ፣ ምኑ ነው እንዲህ የሚጥምህ?" ብዬ ብጠይቀው፣ ስለ ድምፁ አንድም ነገር ሳይናገር፣ አብረውት ሻይ የጠጡትን ሰዎች በስም በስማቸው ቆጠረልኝ።

ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። "ነገሩ አብሮ የመስማት ከሆነ፣ ፈረንጆቹስ?" ይለኛል። እውነት ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ "ኢትዮፒክስ" የተባሉትን ተከታታይ ቅጂዎች በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መገባደጃ ፓሪስ ላይ ማውጣት ሲጀምር፣ ገዢዎቹ አማርኛ የማይሰሙ፣ ከአዲስ አበባ ጋር ምንም ትዝታ የሌላቸው ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ የሙላቱን ሙዚቃ በፊልሙ ሲያሰማ ሌላ ሕዝብ ተጨመረ። እንደኔ ሐሳብ ግን ፈረንጁና እኔ ያን ሙዚቃ ያገኘነው በሁለት መንገድ ነው። እርሱ በአቧራማ መደብር ውስጥ ዕቃ እንዳገኘ ሰው በራሱ እጅ አነሣው፤ ባይወደው ማንም ምንም አይለውም ነበር። ለእኔ ግን "የአንተ ነው፣ ውደድ!" ተብሎ ተሰጠኝ። የአንተ ነው የተባለ ነገር የአንተ ሆኖ ካልተሰማህ፣ ከዜማው አስቀድሞ የሚሰማህ ባዳነትህ ነው። የሊቨርፑል ልጅም ቢሆን አያቱ የወደዱትን ቢትልስ እንዲወድ በተገደደ ቁጥር ጆሮውን የሚደፍነው ከዚህ የተለየ ምክንያት ኖሮት አይመስለኝም።

ከዚያ ሁሉ ሸክላና ካሴት መካከል ወደ ውስጥ ያስገባኝ አንድ ሥራ ብቻ ነው። ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ተሻግሮ ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ፣ የኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያም ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን አካባቢ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ያን ሥራ ስሰማ ቅኝቱ ያው የሰሜኑ ነው፤ ተቀባይ የለውም፤ ግጥምም የለውም። አኮርዲዮኑ ግን አየር ስቦ ሲተነፍስ አውቀዋለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ከ1983 በኋላ በሯን ስትከፍት ለመዘምራኑ መጀመሪያ የተገዛው መሣሪያ አኮርዲዮን ነበር፤ ለአራት ዓመት እኔ ነበርኩ የምሸከመው።