ከማር ግብር እስከ ከሰል ጆንያ

የሰባት ቤት አገው ምድር ለአገር ያበረከተው ሲነሣ ቶሎ የሚወሳው ፈረሱና ፈረሰኛው ነው። ስለ ማሩና ስለ ቅቤው የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር። በመጽሐፉ እንደሚለው፣ ጎንደር ከተማ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም በብዛት የምታገኘው ከአገው አገር ነው። ይህን ተሸክመው የሚወጡት ሰዎች በአንድ ጊዜ 1000፣ አንዳንዴም 1500 ይሆኑ ነበር። ቅቤው በመንገድ እንዳይበላሽ የመቅመቆ ሥር ይገባበት እንደነበርም ጽፏል። ይህን ስታነብ ማን ናጠው፣ ማን አነጠረው ብላ የምትጠይቅ የአዊ እናት የለችም። ግብሩ የተጻፈው ግን በአገሩና በሹሙ ስም ነው።

ያ ሁሉ ማር የጫካ አበባ ውጤት ነበር። ከዚያ ወዲህ ጫካው ለእርሻና ለማገዶ እየተመነጠረ ሳሳ። ደጋችን ዝናብ ስለሚበዛበት አፈሩ እየታጠበ አሲዳማ ሆነ፤ ገብሱም ጤፉም ያለ ኖራና ማዳበሪያ እምቢ አለ።

መሬቱን መልሶ ያለበሰው ከአውስትራሊያ የመጣው ዲከረንስ ነው። በፋግታ ለኮማ፣ በባንጃና በአካባቢው ገበሬው ራሱ አስፋፋው። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙ ከጤፍ ጋር ይተከላል፤ ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል ሣር ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ተቆርጦ ይከሰላል። ዛፉ አፈሩን ስለሚያዳብር መሬቱ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። ከሰሉ በጆንያ ሆኖ አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። ብዙ የቆርቆሮ ቤት የተሠራው በዚህ ገንዘብ ነው። ችግኝ ውኃ የሚያጠጡት፣ ሣር የሚያጭዱት፣ በከሰሉ ጭስ ዓይናቸው የሚቀላው በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው።

ይህ ሥራ በመንግሥት ሒሳብ ውስጥ ምን ያህል ይታያል? የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ባወጣው ጥናት፣ በ2005 በጀት ዓመት ደን ለኢትዮጵያ የሰጠው ጥቅም ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት 12.86 በመቶ ጋር የሚተካከል ነበር። መደበኛው የአገር ሒሳብ ለደን የሚሰጠው ድርሻ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ከልዩነቱ ብዙው ማገዶ፣ የከብት መኖና ሌላም ገበያ ሳይወጣ ቤት ውስጥ የሚያልቅ ነገር ነው። በእኔ እምነት ይህ ልዩነት ማለት የሴት ጀርባ ማለት ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። የዋግ ዓይነት የፈንገስ በሽታ ዲከረንሱን መታው፤ ቅጠሉ እየቀላ ገና ለከሰል ያልደረሰ ማሳ ደረቀ። ስንዴ በዋግ ሲመታ ያየች ሁሉ ነገሩ ይገባታል። ለጋሾቻችን «ሌላ ችግኝ እንስጣችሁ» ቢሉን ደስ ይለናል፤ ነገር ግን አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ አይሁን። ቀርከሃው በጓሯችን አለ፣ ቀፎውም አልጠፋም፣ ኮሶና ጥድ የመሰለ አገር በቀል ዛፍም ንብ ይወደዋል ወይስ አይወደውም ብለን ሽማግሌዎችን መጠየቅ እንችላለን።

ሌላም አለ። በአማራ ክልል የመሬት ይዞታ ደብተር የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይሰፍራል። የቆመ ዲከረንስ ለነጋዴ ሲሸጥ ግን ብዙ ጊዜ ዋጋውን የሚነጋገረውም ብሩን የሚቆጥረውም አንድ ሰው ነው። በሚቀጥለው ስብሰባችን ከችግኙ በፊት ይህ ይነሣ፤ ደብተሩ ያላት ሁሉ ይዛ ትምጣ።